በማሻ ሰማይ ሥር የትኛው ሬዲዮ?

ማሻ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሪያዎች ላይ የተተከሉት ዲሾች አብዛኞቹ ዛሬ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ ሰጥተዋል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢትዮሳት ስም የተሰባሰቡበት ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለቆመ ነው። ናይልሳት በነገሠበት ዘመን ዲሹ ሁሉ ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ ከአድማስ 40 ዲግሪ ገደማ ብቻ ቀና ብሎ ነበር። በሁለቱ መካከል፣ ከአናት ጥቂት ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብሎ፣ የካታሩ ኢስሃይል-2 ቆሟል። ዲሽ የሚያስተካክሉ ልጆች ሰፈሩን በኳስ ቻናሎቹ ያውቁታል። ይኸው ሳተላይት ግን ከቴሌቪዥኑ ሌላ፣ ፈቃድ ያለው ማንኛውም የሬዲዮ አማተር ያለ ክፍያ የሚነጋገርበት መሣሪያም ተሸክሟል፤ ስሙ ኪውኦ-100 ይባላል። ከማሻ ሆኖ ስለ አማተር ሳተላይት ሬዲዮ ግዢ የሚያስብ ሰው ዞሮ ዞሮ መድረሻው እሱ ይመስለኛል። እዚያ ከመድረስ በፊት ግን ገበያውን መቃኘት ይገባል፤ ገንዘብ የሚባክነው መንገድ ላይ ነውና።

አማተር ሬዲዮ ለትርፍ ሳይሆን ለመማርና ለመሞከር የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ባለሙያ መሆን አይጠይቅም፤ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ግን የግድ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት በ«ኢቲ» ይጀምራል። የዓለም አማተሮች ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ኢቲ3ኤኤ ነው፤ አምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ። እነዚህ የትርፍ ጊዜ ሬዲዮኞች የራሳቸውን ሳተላይት ማምጠቅ የጀመሩት ብዙዎች ከሚገምቱት ቀድመው ነው። ኦስካር-1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም. መጠቀች። ክብደቷ አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር፤ ለ22 ቀናት በሞርስ «ሃይ» እያለች ምድርን ዞረች፣ በኋላም ተቃጠለች። ከእሷ ወዲህ ከመቶ የሚበልጡ ተከትለዋል።

አንድ ነገር ከመንገድ እናስወግድ። «የራሳችን ሳተላይት አለን፤ በእሱ አንነጋገርም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ 72 ኪሎ የምትመዝነው፣ ሥራዋ የምድርን ምስል ማንሣት ነበር። የሰው ድምፅ ተቀብላ የምትመልስበት መሣሪያ አልነበራትም። ከእሷ ስድስት ቀን በኋላ ከሩሲያ የተተኮሰችው አርኤስ-44 ግን ለዚሁ ጉዳይ የተሠራች ናት፤ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ቦታው። የግዢ መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት አውሮፓ፣ አሜሪካ ወይም ጃፓን ውስጥ ለሚኖር ሰው ነው። ምክራቸው መልካም ነው፤ መነሻቸው ግን ሌላ ሰማይ ነው። ማሻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከስምንት ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወርደው መንገድ ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. በሥነ ሕይወት ጥብቅነት የመዘገበው የሸካ ደን ነው። ዝናቡ እንደ ሸዋ በክረምት መጥቶ የሚሄድ አይደለም፤ ከዓመቱ ወራት አብዛኞቹን ይይዛል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ደን፣ ወገብ፣ ዝናብ፣ መብራት፦ መመሪያው የማያውቃቸው እነዚህ ናቸው፤ የዕቃውን ምርጫ የሚቀይሩትም እነሱ ናቸው።

ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው ከእጅ ሬዲዮ ነው። በ30 ዶላር ገደማ የሚገኘው ባዎፌንግ ዩቪ-5አር በሁለቱም ተፈላጊ ሞገዶች፣ በ145 እና በ435 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ፣ ይልካል፣ ይቀበላልም። ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እና ለሳዑዲዋ ሳተላይት ለኤስኦ-50 ይህ ይበቃል የሚሉ ብዙ ናቸው። በወረቀት ላይ እውነት ነው። የጠፈር ጣቢያው ከ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የድምፅ ሪፒተር አለው፤ በ145.990 ተቀብሎ በ437.800 ሜጋ ኸርዝ ይመልሳል። ኤስኦ-50 በ145.850 ሰምታ በ436.795 ትናገራለች፤ ጉልበቷ ሩብ ዋት ብቻ ስለሆነ የዩቪ-5አር ባለ አንድ ጣት አንቴና አይሰማትም። እዚህ ላይ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ አንቴና ነው።

አንቴናውን ደግሞ መግዛት አያስፈልግም። በውጭ አገር ሰው በእጁ ይዞ ሳተላይቱን የሚከተልበት አሮው የተባለ ባለ ሁለት ሞገድ ያጊ ይሸጣል፤ ለ145 ሦስት ዘንጎች፣ ለ435 ሰባት ዘንጎች በአንድ ግንድ ላይ ያሰለፈ ነው። እሱን የሚመስል ነገር ማሻ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ ይመሻል። ግንዱ ቀርከሃ ይሆናል፤ የማሻና የአንድራቻ ደጋ በቀርከሃ ደኑ የታወቀ ነው። ዘንጎቹ ደግሞ ከብረት ሜትሮ ይቆረጣሉ። የ145 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ሁለት ሜትር ከሰባት ሳንቲም ያህል ስለሚረዝም ዋናው ዘንግ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ለ435 ሠላሳ ሦስት ሳንቲም ገደማ ነው። ቀርከሃ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ የብረት ግንድ የሚጠይቀው የርዝመት ማስተካከያ አይኖርም። የሚጠይቀው መድረቅንና ቫርኒሽ መቀባትን ነው፤ እርጥብ ቀርከሃ ዘንጎቹን ከሞገዳቸው ያንሸራትታቸዋል።

ስለ ኬብል ሰዎች አያወሩም፤ ማውራት ግን ይገባ ነበር። ለሬዲዮ ተብሎ የሚሸጠው ቀጭኑ አርጂ-58 በአሥር ሜትር ርዝመት በ435 ሜጋ ኸርዝ ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ ይበላል። በየሱቁ የተንጠለጠለው የዲሽ ኬብል፣ አርጂ-6፣ በዚያው ርቀት የሚበላው ሩብ ገደማ ነው። 75 ኦም ነው፣ ሬዲዮው 50 ይፈልጋል የሚል ተቃውሞ ይመጣል። በዚህ አለመገጣጠም የሚጠፋው ግን ከመቶ አራት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የቴፒም የማሻም ነጋዴ በጥቅል የሚሸጠው ኬብል ከውጭ ከሚመጣው ቀጭን ኬብል ይሻላል።

ከእጅ ሬዲዮው ጋር የማይነገር ችግር አለ። ሳተላይት ላይ የሚነጋገር ሰው የራሱ ድምፅ ከሰማይ ሲመለስ በዚያው ቅጽበት መስማት አለበት። ካልሰማ ሳተላይቱ ውስጥ መግባቱን አያውቅም፣ የሌላውንም ንግግር ይረግጣል። ዩቪ-5አር እየላከ መስማት አይችልም። ኬንዉድ ቲኤች-ዲ72 ይችል ነበር፤ ማምረቱ ቆሟል። ተተኪዎቹ ዲ74 እና ዲ75 በዋጋ ብዙ ወጥተው ይህን ችሎታ ትተውታል፤ ለምን እንደሆነ ለእኔ ምሥጢር ነው። ሁለት ርካሽ ሬዲዮ፣ አንዱ ለመናገር አንዱ ለመስማት፣ ከአንድ ውድ ሬዲዮ ይበልጣል የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህም ወጥመድ አለው። 145.990 በሦስት ሲባዛ 437.970 ይሆናል፤ የጠፈር ጣቢያው የሚመልስበት 437.800 አጠገቡ ነው። የላኪው ሦስተኛ እርባታ የተቀባዩን ጆሮ ይደፍናል። በሁለቱ መካከል ዳይፕሌክሰር ወይም ማጣሪያ ሳይገባ የተገዛ ሁለተኛ ሬዲዮ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ከማሻ ማን ይመልሳል? ኤስኦ-50 የምታየው የምድር ክበብ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 2700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማሻ አናት ላይ ስትሆን ክበቡ ናይሮቢን፣ ካምፓላን፣ ካርቱምን፣ ሪያድን ይይዛል፤ በእነዚህ ከተሞች በዚያች አሥር ደቂቃ ሬዲዮ ይዞ ውጭ የቆመ አማተር ማግኘት ዕድል ነው። ወደ ሰሜን ሄዳ ከማሻ አድማስ ልትጠልቅ ስትቃረብ ግሪክንና ጣሊያንን ታገናኛለች። ችግሩ «ልትጠልቅ ስትቃረብ» የሚለው ላይ ነው። ሳተላይት በዚያ ጊዜ ከአድማስ አምስት ወይም አሥር ዲግሪ ላይ ነው፤ በሸካ አሥር ዲግሪ ላይ ያለው ሰማይ ሳይሆን ዛፍ ነው። ዝናብ የጠጣ ቅጠል ደግሞ የ435 ሜጋ ኸርዝን ሞገድ ክፉኛ ይውጠዋል። በዚህ ላይ ወገቡ አለ። በዋልታዎች በኩል የሚያልፉ ሳተላይቶች መንገዳቸው ዋልታ ላይ ይቀራረባል፣ ወገብ ላይ ይራራቃል፤ ፊንላንድ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ሲያገኛቸው ማሻ ጠዋትና ማታ ጥቂት ጊዜ ብቻ ታገኛቸዋለች። ከተገኙት ውስጥ ደኑ የማይጋርደው ይቀነሳል።

ከፍ ብለው የሚበሩት ይህን በከፊል ያቃልሉታል። አርኤስ-44 በ1200 እና በ1500 ኪሎ ሜትር መካከል ትበራለች፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች እስከ 8000 ኪሎ ሜትር ተራርቀው በእሷ መነጋገር ይችላሉ። ከማሻ ጀርመን 5500 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሳተላይቷ መሐል ላይ ሆና ከሁለቱም ከአድማስ ከፍ ትላለች። ሌላዋ ኦስካር-7 ናት፤ የእሷ ታሪክ ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም። የመጠቀችው ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ከሁለት ወር በኋላ፣ ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት ከመገደላቸው ስምንት ቀን በፊት። በ1973 ዓ.ም. ባትሪዋ ሞተ፣ እሷም ዝም አለች። ሰኔ 14 ቀን 1994 ዓ.ም. በድንገት ተሰማች። የሞተው ባትሪ በጊዜ ብዛት የኤሌክትሪክ ዑደቱን ከፍቶት፣ የፀሐይ ሰሌዳዎቿ ያለ ባትሪ በቀጥታ ሊያሠሯት ቻሉ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሲያገኛት ትነቃለች፣ ጥላ ውስጥ ስትገባ ትተኛለች። የደርግን ዘመን በሰማይ ያሳለፈች ሳተላይት አሁንም የሰው ድምፅ ትመልሳለች።

ለእነዚህ የሚያስፈልገው ሬዲዮ ሌላ ነው። በኤፍኤም ሳይሆን ኤስኤስቢ በተባለው ጠባብ የድምፅ ዓይነት ስለሚሠሩ የእጅ ሬዲዮ ውጭ ሆነ። ሳተላይቷ ስትቀርብና ስትርቅ ድምፁ በ435 ሜጋ ኸርዝ ላይ እስከ ዘጠኝ ኪሎ ኸርዝ ገደማ ይንሸራተታል፤ በኤስኤስቢ ሩቡ እንኳ ንግግርን ወደ ወፍ ጫጫታ ይለውጣል። የገበያው ንጉሥ እዚህ ላይ አይኮም አይሲ-9700 ነው። በሁለቱ ሞገዶች በአንድ ጊዜ ይልካል ይሰማል፣ ሁለቱን ተቃራኒ አቅጣጫ አስሮ ያዞራል፣ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ መንሸራተቱን ራሱ ያርማል። ዋጋው ወደ 2000 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ያ 115 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ200 ሺህ አልፏል፣ ቀረጡ ሳይታሰብ። በሙሉ ጉልበቱ ሲልክ ከ12 ቮልቱ ምንጭ እስከ 18 አምፒር ይስባል። መብራት ሲሄድ በሶላር ባትሪ ለሚኖር ቤት ይህ ቀልድ አይደለም።

ያገለገለ መግዛት የሚያስብ ሰው ኬንዉድ ቲኤስ-2000 በርካሽ ሲያገኝ ደስ ሊለው ይችላል። ጥሩ ሬዲዮ ነው፤ ግን ከገዛ አካሉ የሚፈልቅ ፉጨት 436.795 አጠገብ፣ ማለትም ልክ ኤስኦ-50 የምትናገርበት ላይ ይወድቃል። ያዬሱ ኤፍቲ-818 በስድስት ዋት፣ አይሲ-705 በአሥር ዋት የሚሠሩ ትንንሽ ሬዲዮዎች ናቸው፤ ባትሪ ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። ሁለቱም እየላኩ መስማት አይችሉም። ከኤፍቲ-818 ጋር 35 ዶላር ገደማ የሚያወጣ አርቲኤል-ኤስዲአር የተባለ የዩኤስቢ መቀበያ በላፕቶፕ ቢታከል ግን ጉድለቱ ይሞላል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ለኦስካር-7 አምስት ዋትና ቀርከሃው ያጊ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጉልበት መላክ ነውርም ነው፤ ባትሪ የሌላት አሮጊት ሳተላይት በጉልበተኛ ስትጫን የሁሉም ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ወደ ዲሹ።

ኪውኦ-100ን የተሸከመው ኢስሃይል-2 የመጠቀው ኅዳር 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከኦስካር-7 አርባ አራት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዕለት። አማተሮች ከምድር ጋር እኩል የሚዞር፣ ማለትም ከእኛ ሲታይ ከቦታው የማይነቃነቅ ሳተላይት ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ነበር። ከብራዚል እስከ ታይላንድ፣ ከስካንዲኔቪያ እስከ አንታርክቲካ ዳር ያያል፤ አፍሪካን በሙሉ ይዟል። መከተል የለም፣ የድምፅ መንሸራተት የለም፣ አሥር ደቂቃ መጠበቅ የለም። ሌሊትም ቀንም አለ፤ የአውሮፓ አማተሮች በብዛት የሰፈሩበት ስለሆነም ለጠራ ሰው የሚመልስ አይጠፋም።

ለማሻ ግን ትልቁ ነገር የቆመበት ቦታ ነው። ከማሻ ሲታይ ከአድማስ 75 ዲግሪ ከፍ ይላል። ሒሳቡን በዛፍ እንሥራው። ግቢው ዳር 30 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ቢኖር፣ ከአድማስ አሥር ዲግሪ ላይ ያለች ሳተላይትን ለማየት ከዛፉ 170 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ለኢስሃይል-2 ስምንት ሜትር ይበቃል። አውሮፓ ያለ አማተር ይህን ሳተላይት በሠላሳ ዲግሪ አካባቢ፣ በጎረቤት ፎቅ መሐል ይፈልገዋል፤ ማሻ ያለው በደኑ መካከል ባለች አንዲት ገላጣ ያገኘዋል። ደኑ እንቅፋት መሆኑ ያበቃው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡም ቢሆን፦ ሳተላይቱ ወደ ታች የሚልክበት 10.489 ጊጋ ኸርዝ በኃይለኛ ዝናብ ይዳከማል፤ ነገር ግን ሞገዱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚያልፈው የዝናብ ዓምድ አጭር ነው። ከአድማስ ዝቅ ብሎ በሚመጣ ሞገድ ላይ የሚያደርሰውን ያህል አያደርስም። ወደ ላይ የምንልክበት 2.4 ጊጋ ኸርዝ ደግሞ ዝናቡን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ለመስማት የሚያስፈልገው ዕቃ ግማሹ በአገሩ አለ። 60 ወይም 90 ሳንቲሙ ዲሽ ይበቃል። ኤልኤንቢው፣ ማለትም ዲሹ ፊት የሚሰቀለው መቀበያ፣ ተራው የቴሌቪዥን ኤልኤንቢ ነው፤ በውስጡ 9.75 ጊጋ ኸርዝ ቀንሶ 10489.75ን ወደ 739.75 ሜጋ ኸርዝ ያወርደዋል፣ ያንን አርቲኤል-ኤስዲአሩ በቀጥታ ይሰማዋል። ኤልኤንቢ ሲመረጥ ፒኤልኤል የሚል የተጻፈበትን መፈለግ ነው፤ አሮጌዎቹ በፀሐይና በብርድ ልውውጥ ሞገዳቸው ስለሚዋልል ለቴሌቪዥን እንጂ ለኤስኤስቢ አይሆኑም። የተረፈችውን ዋላላነት ኤስዲአር ኮንሶል የተባለው ፕሮግራም ከሳተላይቱ መብራት፣ ማለትም ሳያቋርጥ ከሚላከው ምልክት፣ ጋር ራሱን አስሮ ያስተካክላታል። ኤሌክትሪኩም ለገጠር የተመቸ ነው። ኤልኤንቢ 13 ቮልት ሲያገኝ ቋሚውን፣ 18 ሲያገኝ አግዳሚውን ሞገድ ይመርጣል፤ ጠባቡ የአማተር ሞገድ ቋሚ ነው፣ እሱን የሚመርጠውም ተራ 12 ቮልት የሶላር ባትሪ ነው። የአርቲኤል-ኤስዲአሩ የራሱ ኤሌክትሪክ አራት ቮልት ተኩል ብቻ ስለሆነ ለኤልኤንቢ አይበቃም፤ ከባትሪው ወደ ኬብሉ የሚያስገባ ባያስ-ቲ የተባለ ትንሽ ቁራጭ መጨመር አለበት።

ዲሹን የሚያስተካክለው ልጅ ሁለት ነገር እንዲያውቅ ያስፈልጋል። አቅጣጫው ከሰሜን ተነሥቶ በሰዓት ዙር 232 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከደቡብ ወደ ምዕራብ ሃምሳ ዲግሪ ያህል ማለት ነው። ኤልኤንቢውም በመያዣው ውስጥ ወደ ሃምሳ ዲግሪ መዞር አለበት። ሳተላይቱ ወደ አናት ሲቀርብ የሞገዱ ቋሚነት ለእኛ ጋድሎ ይታያል፤ ሳይዞር የቀረ ኤልኤንቢ ከግማሽ በላይ ምልክት ያጣል። ሌላው የዲሹ ዓይነት ነው። ኤልኤንቢው መሐል የተሰቀለበት ሙሉ ክብ ዲሽ ወደ 75 ዲግሪ ሲቀና ዝናብ የሚጠራቀምበት ገበታ ይሆናል። ኤልኤንቢው ከታች በኩል የሚወጣለት ዲሽ ግን ለዚያው ሳተላይት ወደ ሃምሳ ዲግሪ ብቻ ስለሚቀና ውኃው ይፈስሳል። ለሸካ ሁለተኛው ነው።

መናገር ሲመጣ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ከአይሲ-9700 አይደርስም። አንዱ መንገድ ኤፍቲ-818ን ወይም ሌላ የ435 ሬዲዮን ወደ 2400 ሜጋ ኸርዝ ከሚያወጣ ኮንቨርተር ጋር ማያያዝ ነው። ሌላው አዳልም ፕሉቶ የተባለችው የተማሪዎች መሣሪያ ናት፤ እየላከች ትሰማለች፣ 2.4 ጊጋ በቀጥታ ታወጣለች፣ ጉልበቷ ግን ጥቂት ሚሊ ዋት ስለሆነ ማጉያ ትፈልጋለች። ለዋይፋይ የተሠሩ የቻይና ማጉያዎች ለዚህ ይውላሉ፤ «ስምንት ዋት» የሚል ጽሑፋቸውን በግማሽ ማመን ነው፣ ግማሹም ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አይሲ-905ም 2.4 ጊጋ በቀጥታ ያወጣል፤ ዋጋው የአንድ ሰው ሳይሆን የተቋም ነው። አውሮፓውያኑ መስሚያውንም መናገሪያውንም በአንድ ዲሽ ላይ የሚያስቀምጥ ውስብስብ አፍ ይሠራሉ። ዲሽ እዚህ አገር ርካሽ ስለሆነ እኔ ሁለት ዲሽ መትከል ይሻላል ባይ ነኝ። በሁለተኛው ላይ አራት ሳንቲም ስፋት ባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ ይቀመጣል። ሽቦው ወደ ግራ መጠምጠም አለበት፤ ሳተላይቱ ቀኝ ዙር ሞገድ ይፈልጋል፣ ዲሹ ደግሞ ሲያንጸባርቅ ይገለብጠዋል። ይህን ሳያውቁ ወደ ቀኝ ጠምጥመው ሳተላይቱ ሞቷል የሚሉ በየአገሩ አሉ። ጉልበት ሲበዛም ሥርዓት አለ፦ ከሳተላይቱ መብራት በላይ የሚጮህ ሰው ላይ ሌይላ የተባለ የቁጥጥር መሣሪያ ሲረን ያሰማበታል፣ ሁሉም ይሰማል።

ይህ የአፍሪካ ክፍል ለሰማይ ጆሮ የተመቸ መሆኑን የውጭ ሰዎች ቀድመው አውቀዋል። አሜሪካኖች በአሥመራ ቃኘው ጣቢያ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሶቪየትን የጠፈር መንኮራኩሮች የሚሰሙበት 26 እና 46 ሜትር ስፋት ያላቸው ዲሾች ተክለው ነበር። ከፍታው፣ ለወገብ መቅረቡ፣ ከክሪሚያው የሶቪየት ጣቢያ ጋር በአንድ መስመር መዋሉ አስመርጦታል። የግቢው አማተሮች ኢቲ3ዩኤስኤ በሚል የጥሪ ምልክት ከዓለም ጋር ያወሩ ነበር። የዛሬው አማተር የሚያስፈልገው 90 ሳንቲም መሆኑ የዘመኑ ቸርነት ነው።

እስካሁን ስለ ዕቃ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ የማሰራጫ ሬዲዮ ከመግዛት ፈቃዱ ይቀድማል። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከውጭ የሚገባ ማሰራጫም በእሱ በኩል ማለፍ አለበት፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የገባ ሬዲዮ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ወረቀት ይጠየቅበታል፣ ዘመድም ያፍራል። የአምስት ኪሎውን ማኅበር ቀድሞ ማነጋገር ብዙ ድካም ያስቀራል። የመንደሩን ሰው መርሳትም ጥሩ አይደለም። በጫካ ዳር ቆሞ ባለ ብዙ ዘንግ ቀርከሃ ወደ ሰማይ እየቀሰረ ብቻውን የሚያወራ ሰው በየትኛውም ቀበሌ ጥያቄ ያስነሣል፤ ፈቃዱን ይዞ አስቀድሞ ማስረዳት ብልህነት ነው።

ለመስማት ብቻ የሚገዛ ሰው ሌላም ጥቅም ያገኛል። ከጠፈር ጣቢያው በ145.800 አልፎ አልፎ የሚላኩ ሥዕሎች አሉ፤ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ይፈታሉ። ለቡና አገር የአየር ጠባይ ምስል ደስ ይላል። የቆዩ መመሪያዎች ግን ለዚህ ኖዓ-15፣ 18 እና 19 የተባሉትን ሳተላይቶች ያዛሉ፤ ሦስቱም በ2017 ዓ.ም. ተዘግተዋል። የቀሩት በ137 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚልኩት የሩሲያ ሜቴዎር ሳተላይቶች ናቸው። የሳተላይት ዕድሜ ከመጽሐፍ ዕድሜ ያጥራል፤ ማንኛውም ግዢ በዚያ ሳምንት የትኞቹ ሕያው እንደሆኑ ከማየት በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ለግለሰብ ከሚከብደው ለክለብ የሚቀለው ይበዛል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ የሚማሩ ተማሪዎች አሉት፤ ከቴፒም ከሚዛንም ኢስሃይል-2 የሚታይበት ከፍታ ከማሻው በአንድ ዲግሪ ገደማ ቢለይ ነው። አንድ የክለብ ጣቢያ በአንድ ፈቃድ ለብዙ ተማሪ ይሆናል፣ የአውሮፓን አማተር በእንግሊዝኛ ሲያነጋግሩ አፋቸውም ይፈታል። እንዲህ ያለ ክለብ ከየት ይጀምር ቢባል የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዲሽ፣ ፒኤልኤል ኤልኤንቢ፣ አርቲኤል-ኤስዲአር እና አንድ 12 ቮልት ባትሪ፤ ሁሉም ከአንድ ደህና ስልክ ዋጋ አይበልጡም። በእነዚህ ለጥቂት ወራት ማዳመጥ፣ ማን እንዴት እንደሚጠራ፣ እንዴት እንደሚመለስ መልመድ። በዚያው ጊዜ የፈቃዱ ጉዳይ ይሂድ። ፈቃዱ ሲደርስ ፕሉቶ፣ ማጉያና ሁለተኛ ዲሽ። የ145 እና የ435 ሬዲዮ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለጠፈር ጣቢያውና ለአሮጊቷ ኦስካር-7 ሲባል ነው።

የሚተከለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቢሆን ጥሩ ነው። የኬብል ጫፎች በራሱ በሚጣበቅ የላስቲክ ፕላስተር ይጠቅለሉ፤ ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቀለበት ይሠራለት። የዲሹ ምሰሶ ከመሬት ጋር በወፍራም መዳብ ይያያዝ፣ መብረቅ ሲያንዣብብም ኬብሉ ከሬዲዮው ይነቀል። ከበጀቱ የተረፈ ገንዘብ ካለ ተጨማሪ ዋት አይገዛበት፤ ሁለተኛ ኤልኤንቢ ይገዛበት፣ ምክንያቱም በሸካ እርጥበት ከሁሉ ቀድሞ ውኃ የሚገባበት እሱ ነው፤ ፒኤልኤል የሆነውን ደግሞ ማሻ ገበያ ላይ በተፈለገበት ቀን ማግኘት ቀላል አይደለም።